ያልሰጡት ድምፅ

መምህሩ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የኮሪደሩን ግድግዳ በጣታቸው ጫፍ እየዳበሱ ወደ ማዕድ ቤት ሲመጡ ልጃቸው በስልክ እያወራች ነበር። ቧንቧው ስለተከፈተ ኮቴያቸውን አልሰማችም። «የአባዬን ነገር ተወው አልኩህ እኮ፤ የሱን ድምፅ እኔው ሰጥቼዋለሁ። አለቀ፣ ደቀቀ!» አለችና ሳቀች። የደስተኛ ሰው ሳቅ አልነበረም፤ ነገሩን ቶሎ ዘግቶ መገላገል የፈለገ ሰው ሳቅ ነው። መምህሩ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ከዚያ፣ ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ለራሳቸውም ሳይገባቸው፣ በገዛ ቤታቸው እንደ ሌባ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱና ጉሮሯቸውን ጠራርገው እንደ አዲስ መጡ። ቧንቧው ተዘጋ። «እሺ፣ በቃ፣ ቻው» አለች ልጅቱ። ድምፅዋ ባንድ አፍታ ሌላ ሆነ። «አባዬ፣ ዕንቁላል ልጥበስልህ?»

«ጥበሽልኝ። ማነው በጠዋት የሚደውለው?»

«ከመሥሪያ ቤት ነው።»

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። የምትሠራበት የጉዞ ወኪል ቅዳሜ እንደማይከፍት መምህሩ ያውቃሉ፤ እንደሚያውቁም እሷ ታውቃለች። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና ዘይቱ ሲንጫጫ፣ ዕንቁላሉ መጥበሻው ጠርዝ ላይ ሲሰበር፣ ዳቦው ሲቆረጥ አዳመጡ። ስለ ዳቦው ዋጋ አወሩ። እሷ ዳቦው ዋጋው ሲጨምር መጠኑ ቀነሰ አለች፤ እሳቸው ደግሞ ድሮም አየር ነው የሚሸጡልን አሉ። ከላይኛው ፎቅ ስለሚንጠባጠበው ውሃ አወሩ። ያን ስለሰሙት ነገር ግን አላነሱም። አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር፤ ችግሩ መምህሩ የልጃቸውን ድምፅ ከራሳቸው አብልጠው ያውቁታል። ብትዋሽ ውሸቱን እዚያው ይሰሙታል፣ ከሰሙት በኋላ ደግሞ አልሰማሁም ማለት አይችሉም። ሚስታቸው ስትሞት ልጅቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤያቸውን የምታነበው፣ ቅጽ የምትሞላው፣ ባንክ ቤት ጣታቸውን ይዛ የፊርማው መስመር ላይ የምታሳርፈው እሷ ናት። ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቷታል፤ እሳቸው አሁንም ሚጡ ነው የሚሏት። የይለፍ ቃላቸውንም ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ የጻፈችው እሷው ስለሆነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ከሁለት ተማሪዎቻቸው ጋር አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጀመሩ። ስክሪን ላይ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ለማያይ ሰው የሚያነብ ነው፤ ስሙንም «አንባቢው» አሉት። በነፃ ይታደላል፤ የተሠራበት መመሪያ፣ ኮዱ፣ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ያየዋል፣ ያርመዋል፣ ይጨምርበታል። ዛሬ ያለ አምስት ሳንቲም ደሞዝ የሚሠሩለት ሃያ አንድ አባላት አሉት። ኮዱ የሚቀመጥበት፣ ብልሽት የሚመዘገብበትና አባላቱ የሚጨቃጨቁበት ቦታ ግን እዚሁ ቤት፣ መምህሩ መኝታ ክፍል ጥግ ላይ ሌት ተቀን የምታጉረመርም አንዲት ኮምፒውተር ናት። ሥራው ሁሉ በኢሜይል ይሄዳል፤ ኢሜይል ደግሞ አንባቢው እንደ ውሃ ያንበለብለዋል። የማኅበራቸው ወጣት ሰብሳቢ፣ ይህ ኋላ ቀር ነው፣ ዓለም ወደሚሠራበት ወደ አንድ ትልቅ ኩባንያ ድረ ገጽ እንዛወር የሚል ሐሳብ አመጣ። ሁለት ሳምንት ተከራከሩ፤ ከዚያ አንድ ሳምንት ለድምፅ መስጫ ተሰጠ። ድምፁም የሚሰጠው፣ እግረ መንገዳችንን እንለማመደው ተብሎ፣ እዚያው አዲሱ ድረ ገጽ ላይ ሆነ። ውጤቱ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነገራል።

መምህሩ ሐሙስ ዕለት ድረ ገጹን ከፍተው ነበር። አንባቢው ጉሮሮውን እንዳነቀው ሰው «ቁልፍ» አለ። ወደ ታች ወረዱ፤ «ቁልፍ»። አሁንም ወረዱ፤ «ቁልፍ»። የትኛው ቁልፍ «ይዛወር»፣ የትኛው «አይዛወር» እንደሆነ የሠሩት ሰዎች ከጀርባው ስም አልጻፉበትም። ለዓይናማ ቀለሙ ይበቃዋል። ለሰብሳቢው ጻፉለት፤ «ጋሼ፣ እንነጋገራለን» ብሎ መለሰላቸው። እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም። ታዲያ ማን ድምፁን ሰጠ? ሚጡ። ለየትኛው? በቀደም ስለ ዝውውሩ እራት ላይ ሲያማርሩ ሳህን እያነሳች «እሱም ሐሳብ ነው» አለች። ያኔ አልከበደቻቸውም፤ አሁን ግን ያቺ ቃል እንደ ጠጠር ጥርሳቸው ሥር ገባች።

ልጅቱ ፀጉሯን ልትሠራ እንደወጣች መምህሩ በትራቸውን ይዘው ደረጃውን ወረዱ። የሄዱት ሆስፒታል ነው። እዚያ የስልክ ኦፕሬተር የሆነች፣ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ እንደሳቸው የማታይ፣ ከአባላቱም አንዷ የሆነች ሴት አለች። ታክሲው ከወትሮው ሁለት እጥፍ ጠየቃቸው፤ ረዳቱ «የነዳጅ ነው አባባ» አለ፤ ከጎናቸው የተቀመጠች ሴት ለራሷ ስንት እንደከፈለች በጆሯቸው ሰምተው ስለነበር «ነዳጁ እኔን ሲያይ ብቻ ነው የሚወደደው?» ብለው ትክክለኛውን ሰጡ። ኦፕሬተሯ የምትሠራባት ክፍል ከመድኃኒት መጋዘኑ ጎን ያለች፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት፤ የስፒርት ሽታና የሞቀ ሽቦ ሽታ አለባት። በየደቂቃው ስልክ ይጠራል፤ እሷም በመሀል እያቋረጠች፣ እጇ ከመስመር ወደ መስመር እየዘለለ ታዋራለች።

«መምህር! ምን እግር ጣለዎት? ቆይ አንዴ... ሆስፒታል... የሕፃናት ክፍል? ላገናኝዎት... እሺ መምህር።»

«ድምፅ ሰጠሽ ወይ?»

ሳቀች። «በምን በኩል? ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ ይለኛል እንጂ! በስልክ ልናገር ብዬ ለሰብሳቢው ደወልኩ። ደንቡ አይፈቅድም አለኝ። የማናይ አምስት ነን አይደል? ይኸው አራታችን ድምፀ ተአቅቦ ተብለን ተመዝግበናል። አባላችን፣ እዚህ የምትሠራው ነርስ አንብባልኝ ነው። መታቀቤን እኔ ራሴ የሰማሁት ከሰው ነው!»

«አምስተኛውስ?»

ስልክ ጠራ። ሁለት ሰው አገናኘች። ስትመለስ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «አምስተኛው እርስዎ ነዎት። እርስዎ ሰጥተዋል ይላል። ለየትኛው እንደሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አያሳይም። እኔማ፣ እውነቴን ነው፣ ትንሽ ቅር አለኝ። መምህር መንገዱን ካገኙት እንዴት ለእኛ አይነግሩንም ብዬ።»

መምህሩ የበትራቸውን እጀታ አሹ። እኔ አይደለሁም ለማለት አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ማን ነው የሚል ነው። «እንገናኛለን፣ ዘጠኝ ሰዓት» ብለው ወጡ። በአጥሩ ጥግ ሲሄዱ ግን ነገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ መልክ ይዞ መጣባቸው። ሰብሳቢው ያ ኩባንያ አዘጋጀው ወደተባለ ሥልጠና ለአሥር ቀን ሄዶ ነበር፤ ማን እንደከፈለለት የጠየቀው የለም። ከሥልጠናው ሲመለስ ለሚጡ ሽቶ አምጥቶላታል፤ የአዲስ ሽቶ ነገር ከአፍንጫቸው አያመልጥም። ለሁሉም ነው ያመጣው ብላቸው ነበር። ማልዶ የደወለውስ እሱ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ልጃቸውን በሽቶ ገዝቶ፣ የአባቷን ድምፅ ከእጇ ወስዶ፣ አሥራ አራት ዓመት የለፉበትን ነገር ለባዕድ ሊያስረክብ ነው። እንዲህ እያሰቡ ሲሄዱ ሐሳባቸው በራሳቸው ጆሮ የቅናተኛ ሽማግሌ ሐሳብ መሰላቸውና አፈሩ። አፍረውም አላቆሙም።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ክፍል ነው። ወለሏ ጣውላ ነው፤ ከሥር ማሽኑ ወረቀት ሲያወጣ ወንበሮቹ ሳይቀሩ ይንቀጠቀጣሉ። ሚጡ ቀድማ ደርሳ ኖሮ ደረጃው ላይ ተቀበለቻቸው፤ እንደወትሮዋ ክንዳቸውን ያዘች። ፀጉሯ የማድረቂያ ሙቀት ይሸታል። «የት ሄደህ ነው? ቤት ደውዬ አጣሁህ» አለቻቸው። «ነፋስ ልቀበል ወጣ ብዬ ነው» አሉ። እነሆ እሳቸውም ዋሹ፤ እኩል ሆኑ። ክፍሉ ሞልቷል። ኦፕሬተሯና ነርሷ መጥተዋል፤ ጮክ ብሎ ማውራት የሚወደው፣ አባላቱ ጢሞ የሚሉት ፕሮግራም ጸሐፊም አለ። ዝውውሩን ከጠሉት ዋነኛው እሱ ነው።

ሰብሳቢው ቆሞ ተናገረ። አነጋገሩ መጥፎ አልነበረም፤ መምህሩን ያናደዳቸውም እሱ ነው። አምና የጋሼ ኮምፒውተር ተበላሽታ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሥራ ቆሟል አለ። በዓመት የሚመጣልን አዲስ ሰው ሦስት አይሞላም፤ ወጣቱ በኢሜይል ኮድ መላክ አያውቅም፤ ጋሼን እግዜር ያቆይልን፣ ግን ሁሉ ነገር በአንድ ሰው መኝታ ቤት ተንጠልጥሎ እስከ መቼ? አለ። ከዚያ ውጤቱን አነበበ። «ድምፅ የሰጡ አሥራ ሰባት። የታቀቡ አራት። ይዛወር ዘጠኝ፤ አይዛወር ስምንት። ስለዚህ ሐሳቡ በአንድ ድምፅ አልፏል።» ከኋላ አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ። ጢሞ ወንበሩን ገፍቶ ሲነሳ ተሰማ።

መምህሩ እጃቸውን አወጡ። «በስም ይነበብልን።»

«ጋሼ፣ አያስፈልግም እኮ፣ ቁጥሩ...»

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ድምፅ በስም ነው፣ በግልጽ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ሰሌዳውን ማየት የማንችል አለን። አንብብ።»

የሚጡ ጣቶች ክንዳቸው ላይ ጠበቁ። ሰብሳቢው ማንበብ ጀመረ፤ እየዘገየ፣ ሦስት ጊዜ እያሳለ አነበበ። «አይዛወር» ያሉትን ስምንቱን ጨረሰ። መምህሩ የሉበትም። ከዚያ «ይዛወር» ያሉትን ቀጠለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በልባቸው ቆጠሩ፤ ስምንተኛው ላይ ገና ተስፋ ነበራቸው፤ ምናልባት በስሜ ያልተሰጠ ይሆናል፣ ምናልባት ተሳስቼ ሰምቼ ይሆናል አሉ። «...እና ጋሼ» አለ ሰብሳቢው። ከሥር ማሽኑ ወረቀት ይቆጥራል። «መምህር?» የሚለው የኦፕሬተሯ ድምፅ ከፊት ወንበር መጣ፤ እንደ ተከዳ ሰው ድምፅ ነበር። የማጣራት ያህል ጠየቀች እንጂ አልከሰሰችም፤ ያ ነው አንጀታቸውን የበላው። የልጃቸውን ስም ለአደባባይ መስጠት እንዴት ይቻላል? የዚያችን ሴት ጥያቄስ ዝም ብሎ መዋጥ? መምህሩ ከሁለቱ የቱን እንደመረጡ ሳያውቁ ቆመው ራሳቸውን አገኙት።

«ያንን ድምፅ እኔ አልሰጠሁም» አሉ።

ጢሞ እሳት ሆነ። «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም! የሽማግሌውን አካውንት ከፍቶ ነው! ሥልጠና ተብሎ የተኬደው ለዚህ ነበር!» ሌሎቹም ተነሱ፤ ወንበር ወደቀ፤ አንድ ሰው ከሰብሳቢነቱ ይነሳ አለ፤ ሌላው ይነሳ ብቻ ሳይሆን ይባረር አለ። ሰብሳቢው አንድ ቃል አልተነፈሰም። «እኔ አላደረግሁም» ማለት እንኳ አቃተው። መምህሩ ጆሯቸውን ጣሉ። የጥፋተኛ ዝምታ ምን እንደሚመስል ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ሰምተውታል፤ ይሄ ግን እሱ አልነበረም። ይሄ፣ ማንን እንደሚሸፍን የሚያውቅ ሰው ዝምታ ነው። የጠዋቱ ስልክ የእሱ ነበር፤ «የአባዬን ነገር ተወው» የተባለው እሱ ነው። ምናልባት አባትሽ በስልክ ይምረጡ ሊል ነበር የደወለው። ምናልባትም አልነበረም። እጃቸውን አንስተው ዝም ለማሰኘት ሞከሩ፤ ማንም አላያቸውም። ከዚያ ክንዳቸውን የያዘው እጅ ለቀቃቸው።

«እኔ ነኝ» አለች ሚጡ። ጫጫታው ዋጠው፤ ደገመችው። «እኔ ነኝ። የአባዬን ይለፍ ቃል አውቀዋለሁ። እሱ አላዘዘኝም። ሰብሳቢውም አላዘዘኝም፤ ካደረግኩት በኋላ ነው የነገርኩት።»

«ከነገረችህ በኋላ ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አለ ጢሞ፣ አሁን ቀስ ብሎ። ሰብሳቢው ሲመልስ ከወለሉ ጋር የሚያወራ ይመስል ነበር። «በአንድ ድምፅ ሲያልፍ አየሁ። ዝም አልኩ።» ይሄን ያህል ነው የተናገረው። ስብሰባው ከዚያ ብዙ አልቆየም። ኦፕሬተሯ ቆማ፣ ሥራዋ ላይ ስልክ ስታገናኝ በምትናገርበት በዚያ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ምርጫው ይሰረዝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በኢሜይልም በስልክም በወረቀትም ይደገም፣ ያ ድረ ገጽ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ስም እስኪጽፍ ድረስ ማንም እንዛወር ብሎ አያንሳብኝ አለች። እጅ ወጣ። ሰብሳቢው ቆጠረና፣ በቃል «ሁሉም» አለ። የሰብሳቢነቱን ኃላፊነት ለጊዜው ነርሷ ትያዘው ተባለ። ሲወጡ ሚጡን ያናገራት የለም፤ መምህሩን ግን ሁሉም ጨበጣቸው። እጅ በጨበጡ ቁጥር ጎናቸው የቆመችውን ልጃቸውን ያስባሉ።

በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። ክንዳቸውን አልያዘችም፤ ከጎን ከጎናቸው ትሄዳለች፤ ጉድጓድ ሲደርሱ «ግራ» ትላለች፣ ሌላ ቃል የለም። የጫማ ጠጋኞቹን መደዳ አልፈው መኪናው የቀነሰበት መንገድ ላይ ሲደርሱ «ለምን?» አሏት።

«ያቺ ኮምፒውተር ስትቆም ምን እንደምታደርግ ታውቃለህ?» አለች። «ስህተቱን ስክሪን ላይ ትጽፈዋለች። ድምፅ የላትም ያኔ። አንባቢው ገና አልተነሳም። ስለዚህ ለእኔ ትደውላለህ። ባለፈው ዝናብ ጊዜ፣ ለኃላፊነት ቦታ ቃለ መጠይቅ የነበረኝ ቀን ትዝ ይልሃል? መንገድ ተዘጋግቶ አመለጠኝ ያልኩህ?»

«ትዝ ይለኛል።»

«መንገድ አልተዘጋም። አራት ጊዜ ደወልክልኝ። በር ላይ ተራዬን እየጠበቅኩ። አምስተኛውን ስትደውል ተመለስኩ።»

መምህሩ ቆሙ። አንድ ብስክሌት ደወሉን እያንቃጨለ አለፈ። «ታዲያ አትነግሪኝም ነበር?»

«ብነግርህ ምን ትለኛለህ? ትቼዋለሁ ትላለህ። ከዚያ አንድ ወር ሙሉ አታናግረኝም። አውቅሃለሁ አባዬ። አንተን ከምለምን፣ ኮምፒውተሯን ሰው ቢወስዳት፣ ሌላ ሰው ቢጠብቃት ይሻላል አልኩ። ሁልጊዜ ስለአንተ እፈርም የለ? ያንንም እንደ ሌላው ፈረምኩት። ኋላ ነው የደነገጥኩት።»

ሊቆጧት የያዙት ንግግር ነበራቸው፤ ከሆስፒታሉ ጀምሮ ሲያዘጋጁት ነው የዋሉት። አልወጣም። በምትኩ «ሰብሳቢውስ?» አሉ።

«ምኑ?»

«ምንሽ ነው?»

«ምንም።»

ያቺን «ምንም» ረጅም መንገድ እየሄዱ አዳመጧት። ከላይዋ እውነት ናት፤ ከሥሯ ግን የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። ደግመው አልጠየቁም።

ቤት እንደገቡ መምህሩ ኮታቸውን ሳያወልቁ መኝታ ክፍላቸው ገብተው ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጡ። ገና አልመሸም፤ የመስኮቱ ፀሐይ እጃቸው ላይ ይሞቃል። ለአባላቱ ሁሉ ኢሜይል ጀመሩ። አንባቢው የጻፉትን እየተከተለ፣ በዚያ ስሜት በሌለው ድምፁ መለሰላቸው። «እኔ አይዛወር ነው የምለው። አሁንም እላለሁ። ሰብሳቢው ግን በአንድ ነገር ልክ ነው፤ ይህች ኮምፒውተር በአንድ ሰው ቤት መኖር የለባትም። እስከ ምርጫው ድረስ አብረውኝ የሚጠብቋት ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ፤ ስትበላሽም የሚደወለው ለእነሱ ነው። ልጄን አትቁጠሯት።» በሩ ጋ የሚጡ ድምፅ መጣ። «ፊደሉን ልይልህ?» አለች፣ እንደ ሁልጊዜው። «አይ፣ ይሄን እኔው ልየው» አሉና እንደነበር ላኩት።

ከዚያ የይለፍ ቃል መቀየሪያውን ከፈቱ። በሕይወታቸው አዲስ የይለፍ ቃል ብቻቸውን አውጥተው አያውቁም። ጣታቸው ፊደሉን ሲጫን አንባቢው ምስጢር ጠባቂ ነውና ፊደሉን አይናገርም፤ በየፊደሉ «ኮከብ» ይላል። ኮከብ። ኮከብ። ኮከብ። የልጃቸው እርምጃ ወደ ማዕድ ቤቱ ሄደ፤ ኮሪደሩ መሀል ላይ ግን ቆመ። መምህሩ ጣታቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ አዳመጡ። አልተንቀሳቀሰችም፤ ኮከቦቹን የምትቆጥር መሰላቸው። ዘጠኝ ፊደል ጽፈው ጨርሰው ነበር፤ ትንሽ አሰቡና ሦስት ጨመሩበት።